ሊድን ይችል የነበረ ጥርስ

የያዙኝ ሰኞ ጠዋት በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ፣ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች የደም ዝውውር እያስተማርኩ ሳለ ነው። ሰሌዳው ላይ ልብ ስዬ፣ ግራውን ጎን በቀይ ጠመኔ ቀብቼ፣ ቀኙን ልጀምር ስል ርእሰ መምህራችን በሩ ላይ ቆመው በእጃቸው ጠሩኝ። ከኋላቸው የደንብ ልብስ ያልለበሱ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው «ለሃያ ደቂቃ ትፈለጋለህ» አለኝ። ኮቴን ወንበሩ ላይ ትቼ ወጣሁ። ሃያ ደቂቃው ሰባት ወር ሆነ።

ያጠፋሁትን ልናገር። በዚያ ዓመት ምርጫ ለአንድ ተቃዋሚ እጩ ታዛቢ ሆኜ አንድ የምርጫ ጣቢያ ተቀምጬ ነበር። እኛ የቆጠርነውና በማግስቱ በሩ ላይ የተለጠፈው ውጤት አልገጠመም። ሌሎቹ ታዛቢዎች ፈረሙ። እኔ አልፈርምም አልኩ። ይኸው ነው። ድንጋይ አልወረወርኩም፤ ሰልፍ አልወጣሁም፤ እንኳን ሰው ላነሳሳ፣ በመምህራን ስብሰባ ላይ እጄን ማውጣት የሚከብደኝ ሰው ነበርኩ።

የወሰዱኝ ከቦንጋ ወጣ ብሎ ወዳለ አሮጌ የቡና መጋዘን ነው። ከምርጫው በኋላ ታሳሪ ሲበዛ ነው ለዚህ ያዋሉት። በሩ ላይ አንድ ፖሊስ ትልቅ መዝገብ ዘርግቶ ተቀምጧል። ቀበቶዬን፣ የጫማዬን ክርና ሰዓቴን ተቀበለኝ። ስሜን፣ የትውልድ ቦታዬን ጠየቀኝ፤ ሺሺንዳ አልኩት። ከዚያ «ሕመም አለብህ?» አለኝ።

«ጥርሴን ሕክምና ጀምሬያለሁ። ሐሙስ ጅማ ቀጠሮ አለኝ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «እስከ ሐሙስ ትወጣ የለ» አለና ጻፈ። ከፊቱ ቆሜ ስለነበር የጻፈውን አነበብኩት። «ጤነኛ» ይላል።

ውስጡ ሲሚንቶ ወለል፣ ቆርቆሮ ግድግዳ፣ ከጣሪያው ሥር አንድ ክንድ የማይሞላ ቀዳዳ። ከእኔ ጋር ሃያ ሦስት ሰው አለ። የጀንፈል፣ ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና ሽታ፣ ከስንት ዓመት በኋላም ከሲሚንቶው አልለቀቀም፤ ከባልዲው የሽንት ሽታ ጋር ተደባልቆ አፍንጫ ይይዛል። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ላይ የሚያሰማው ድምፅ ሰው ከሰው አያነጋግርም። ዝናብ ደግሞ በእኛ አገር ከሚመጣበት ቀን የማይመጣበትን መቁጠር ይቀላል።

ስለ ጥርሱ ማስረዳት አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነውና። ከመታሰሬ አሥራ አንድ ቀን በፊት ጅማ ሄጄ በታች በኩል ያለውን የቀኝ መንጋጋዬን አሳይቼ ነበር። ሐኪሙ ራጅ አንስቶ ብስባሹ ነርቩ ድረስ ዘልቋል አለኝ። ወይ መንቀል ነው፣ ወይ የሥር ሕክምና። «ሥሩ ግን ጠንካራ ነው» አለ፤ «እኔ ብሆን አላስነቅለውም።» ማደንዘዣ ወጋኝ፤ ጥርሱን ከላይ ከፍቶ ነርቩን በቀጫጭን መርፌዎች ጠራርጎ አወጣ፤ ውስጡ መድኃኒት አድርጎ በጊዜያዊ ሙሌት ደፈነው። ስነሳ እጁን እየታጠበ የነገረኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «ይህ ሙሌት የሁለት ሳምንት ነው። ስትመጣ ሥሮቹን በቋሚ እሞላቸዋለሁ፤ ቀጥሎ ክራውን የሚባል ሽፋን እናለብሰዋለን። ሳይለብስ ከቆየ ይሰነጠቃል። አደራ፣ አትቅር።»

ሐሙስ መጣ፣ ሄደ። ባለቤቴ የቀጠሮ ካርዱን ይዛ በር ላይ ቆማ እንደዋለች የሰማሁት ራቴን ካመጣልኝ ፖሊስ ነው። ካርዱን ተቀብለው ለኢንስፔክተሩ አድርሰውታል። ግቢውን የሚያዘው እሱ ነው። አርባ የማይሞላው፣ ቁጥብ፣ ልብሱ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነበር፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር አንድም ቀን አልሰማሁም። በማግስቱ ለጥያቄ ሲያስጠራኝ ካርዱ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ይህ ምንድን ነው?» አለኝ።

አስረዳሁት። ጥርሱ ግማሽ ላይ እንዳለ፣ ሙሌቱ ጊዜያዊ እንደሆነ፣ ጅማ ደርሶ መመለስ ከአንድ ቀን እንደማያልፍ፣ ከፈለገ ሁለት ፖሊስ አብሮኝ ይሂድ ብዬ ነገርኩት። ባለቤቴ ለመኪናው ራሷ ትነጋገራለች አልኩት። እስክጨርስ ሳያቋርጥ አዳመጠኝ።

«ጥርስ አይገድልም መምህር» አለ። «አንተ መጀመሪያ ማን እንዳሰማራህ ንገረን።»

ማንም እንዳላሰማራኝ ነገርኩት። ወደ መጋዘኑ መለሱኝ።

ከአጠገቤ ይተኙ የነበሩት አንድ የማንኪራ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን። ስድሳ አልፏቸዋል። ጫካ ውስጥ ቀፎ ሰቅለው ማር ሲቆርጡ፣ ቡና ሲለቅሙ ነው ዕድሜያቸውን ያሳለፉት። ያ ጫካ ለአንድ ባለሀብት ተሰጠ ተብሎ ሊለኩ የመጡ ሰዎች ፊት ቆመው «ቀፎዬን ሳላወርድ ዛፉ አይቆረጥም» ስላሉ ልማት በማደናቀፍ ተጠርጥረው ገቡ። አማርኛቸው የገበያና የቢሮ አማርኛ ነው፤ ሲቸኩሉ ወደ ካፊኖኖ ይሻገራሉ፣ እኔም በዚያው እመልስላቸዋለሁ። ገብቼ በሁለተኛው ሳምንት በአንድ ጎን ብቻ እንደማኝክ ያስተዋሉት እሳቸው ናቸው።

«መምህር፣ በዚህ በኩል ምን ሆነ?»

«ሐኪም ጀምሮት ነበር አባባ። አልጨረሰውም።»

«ሰው ቤት ጀምሮ ጣሪያ ሳይከድን አይሄድም» አሉ። «ሂድና አስጨርስ በላቸው።»

«ብያቸዋለሁ።»

«ነገም በላቸው።»

ነገም አልኳቸው። ከነገ ወዲያም። በየጠዋቱ ቆጠራ ላይ ስሜ ሲጠራ «አለሁ» ካልኩ በኋላ «የሕክምና ቀጠሮዬ አልፏል» እል ነበር። ቆጣሪው ፖሊስ መጀመሪያ ይመልስልኝ ነበር፤ በኋላ ቀና ማለትም ተወ። ሙሌቱ በአራተኛው ሳምንት ቁርስ ላይ ወለቀ። ነጭ ፍርፋሪ ሆኖ ከዳቦው ጋር መዳፌ ላይ ተፋሁት። በምላሴ ስነካው ጥርሴ ውስጥ ጉድጓድ አለ።

ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አውቀዋለሁ። የተከፈተ ጥርስ ውስጥ ምግብ ይገባል፣ ከምግቡ ጋር ተሕዋስያን ይገባሉ፣ በሥሩ በኩል ወደ አጥንቱ ይወርዳሉ። ለተማሪዎቼ በሥዕል ሳስረዳው የኖርኩት ነገር ነው። ማወቄ ምንም አልጠቀመኝም። እንዲያውም ባላውቀው ይሻል ነበር፤ ቀን በቀን የት እንደደረሰ እየተከታተልኩ ተቀመጥኩ። ድዴ አበጠ፤ ቀጥሎ ጉንጬ፤ ቀጥሎ ከአገጬ ሥር እንደ እንቁላል ያለ ነገር ወጣ። አፌ ከሁለት ጣት በላይ አልከፈት አለኝ። ባለቤቴ ከምግቡ ጋር ቅርንፉድ በወረቀት ጠቅልላ ላከች፤ በሩ ላይ «ምንነቱ ያልታወቀ ነገር» ተብሎ ተወሰደ። ቅርንፉድ ነው። ሻይ ውስጥ የምንጨምረው።

አባባ ቆጯቸውን በሻይ እያራሱ፣ በጣታቸው አድቅቀው ይሰጡኝ ነበር። መጀመሪያ አፈርኩ። «ለእናቴም እንዲህ አድርጌ አብልቻለሁ» አሉኝ፤ «ብላ።» በላሁ። ጨውና ለብ ያለ ውሃ ከጥበቃው ለምነው የሚያመጡልኝም እሳቸው ናቸው። አንድ ጠዋት ቆጠራ ላይ ስሜ ሲጠራ ልመልስ አፌን ብከፍት ድምፅ አልወጣ አለኝ። ፖሊሱ ሁለተኛ ጠራ። አባባ ቆሙ።

«አለ» አሉ። «አፉ ግን ተዘግቷል። ይሄ ሰው እዚህ ቢሞት እኛ ሃያ ሁለት ሰዎች አይተናል። ሁላችን እንናገራለን።»

ሌሎቹም አንድ በአንድ ተነሱ። ማንም አልጮኸም። ቆመው ብቻ ቀሩ። ቆጣሪው መዝገቡን አጥፎ ወጣ። ረፋዱ ላይ ሆስፒታል ልትሄድ ነው ተባልኩ።

ቅዳሜ ነበር፤ የገበያ ቀን። መኪና የለም ብለው እጄን በካቴና አስረው፣ አንድ ፖሊስ ከኋላዬ ሆኖ፣ በገበያው መሀል በእግር ወሰዱኝ። በጀርባ በኩል ሌላ መንገድ እንዳለ ቦንጋ ያደገ ሁሉ ያውቃል። ክር የሌለው ጫማዬ ከጭቃው ጋር እየቀረ ያደናቅፈኛል። ፊቴ በአንድ ጎን አብጦ እኔን አይመስልም፤ ሆኖም ሰዎች አወቁኝ። የኮረሪማ ነጋዴዋ እትዬ፣ ከእሷ ሳልገዛ ያለፍኩበት ቅዳሜ የለም፣ ከመደቧ ተነስታ ቆመች። ሁለት ተማሪዎቼ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ሆነው አዩኝ። አንደኛዋ «እንደምን ዋሉ ቲቸር» አለች፣ ልክ በትምህርት ቤቱ ግቢ እንደምትለው። ፖሊሱ ዞሮ ሲያያት አልሸሸችም። በአፌ ልመልስላት ስላልቻልኩ አንገቴን ዝቅ አደረግኩላት።

የጥርስ ባለሙያዋ ወጣት ናት፤ ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች እንደሆነች ከንግግሯ ያስታውቃል። ወንበሩ ላይ ስቀመጥ መጀመሪያ ያየችው ካቴናውን ነው።

«ይህን ፍታው» አለችው ፖሊሱን።

«አልታዘዝኩም።»

«እኔም ታስሮ የመጣ እጅ ይዤ መርፌ አልወጋም። ቢንቀጠቀጡ መርፌው አፋቸው ውስጥ ይሰበራል። አንተ ትፈርማለህ?»

ፈታው። የእጅ አንጓዬ ላይ የቀረውን ምልክት አየች። እብጠቱን ከፍታ መግሉን አወጣች። ሽታው ክፍሉን ሞላው፤ ፖሊሱ ወደ መስኮቱ ሄደ። እንባዬ ወረደ፤ ከሕመሙ ይልቅ ከመቅለሉ ነው። አጠበችው፤ ውስጡ መድኃኒት አድርጋ እንደገና በጊዜያዊ ደፈነችው። መስተዋቷን ይዛ ረጅም ጊዜ ስትመለከት ቆየች።

ፖሊሱ ከመስኮቱ ሆኖ «ንቀይውና እንገላገል» አላት።

«ጥርሱ የእሳቸው ነው፤ እሳቸውን ነው የምጠይቀው» አለችና ወደ እኔ ዞረች። «መምህር፣ ጥርሱ አሁንም ሊድን ይችላል። ሥሩ አልተነካም። የሥር ሕክምናውን የሚጨርስ መሣሪያ ግን እኔ ጋ የለም፤ ጅማ መሄድ አለብዎት። ወይም አሁን ልነቅለው እችላለሁ። የትኛውን ይፈልጋሉ?»

ከታሰርኩ ጀምሮ ምን እንደምፈልግ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

«እንዲድን» አልኳት።

የሪፈር ወረቀት ጻፈች። «አስቸኳይ» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ለአንድ ሳምንት የሚሆን አንቲባዮቲክ ሰጠችኝና ለፖሊሱ «ሳምንት ሳይሞላ ይሂዱ፤ ይህን ለአለቃህ በቃልም ንገረው» አለችው። ስንመለስ በዚያው በገበያው አመጣኝ።

ወረቀቱ የኢንስፔክተሩን ጠረጴዛ ከሸፈነው መስተዋት ሥር ገባ። አውቃለሁ፣ ለጥያቄ ሲያስጠራኝ አይቼዋለሁ። ሳምንቱ አለቀ፤ መድኃኒቱ አለቀ። ባለቤቴ በየቀኑ ትጠይቃለች፤ «ጉዳዩ እየታየ ነው» ይሏታል። ከዚያ አንድ ረቡዕ ጠራኝና እንድቀመጥ ጋበዘኝ። ወንበር ሲሰጠኝ ያ የመጀመሪያው ነው።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ አስቀመጠ። አንደኛው የእኔ ሪፈር ነው። ሁለተኛው የታሳሪዎች ስም ዝርዝር ያለበት፣ በኮምፒውተር የተጻፈ ቅጽ ነው። ከላይ «እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተዘረዘረው ታሳሪዎች በቆይታችን የተሟላ የሕክምና አገልግሎት ያገኘን መሆኑን በፊርማችን እናረጋግጣለን» ይላል። ቀጥሎ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ፊርማ፣ አስተያየት።

«አርብ ከበላይ አካል ጎብኚዎች ይመጣሉ» አለኝ። «አንተ የተማርክ ሰው ነህ፤ አንተ ከፈረምክ ሌሎቹ ይከተላሉ። ፈርምና ነገ ጠዋት በእኛ መኪና ጅማ ትሄዳለህ።»

«ነገ ልታከምና ስመለስ ልፈርም።»

ፈገግ አለ። «መጀመሪያ ፊርማው።»

«ሳልታከም ታክሜያለሁ ብዬ ልፈርም?»

«አንተ መፈረም ትጠላለህ ማለት ነው» አለ። «በምርጫውም እንዲሁ አደረግክ። እስከ ነገ አስብበት።» ሪፈሩን መልሶ ከመስተዋቱ ሥር አስገባው።

አሰብኩበት። አላሰብኩበትም ብል ውሸት ነው። ለመፈረም በጣም ቅርብ ነበርኩ። ሕመሙ ተመልሶ ጆሮዬ ድረስ ወጥቷል፤ ጅማ ሦስት ሰዓት መንገድ ነው፤ ሐኪሙ «አትቅር» ያለኝ ሰው ነው። ከሰዓት በኋላ ባለቤቴን ለአምስት ደቂቃ አገናኙን፤ ያንንም ያደረጉት እንድታግባባኝ ነው። በሽቦው አጥር በኩል ፊቴን አይታ አለቀሰች።

«ፈርም» አለችኝ። «ወረቀት ነው። ነገ ይጠፋል። ጥርስህ ግን ሌላ አይበቅልም።»

«የሁሉም ስም ነው ያለበት» አልኳት።

«እኔ የሁሉም ሚስት አይደለሁም» አለች። ተቆጥታ ሄደች። እውነቷን ነው፤ ዛሬም ይህን ስናነሳ ማናችንም አንስማማም፤ ሁለታችንም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንተወዋለን።

ሐሙስ ጠዋት ሁላችንንም ግቢው ውስጥ አሰለፉን። ጠረጴዛ ወጣ፤ ቅጹ ላዩ ላይ ተደረገ፤ ከጎኑ የጣት አሻራ ቀለም። ማንበብ የማይችሉት ይበዙ ነበር። ለእነሱ «የመፈታት ወረቀት ነው» ተብሏቸዋል። ይህን የሰማሁት ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የምፈርም ይሁን የማልፈርም ራሴም አላውቅም ነበር። ያንን ስሰማ ግን እንደማልፈርም አወቅኩ። ሰው ታሟል፣ ተከልክሏል፣ ሳያንሰው ደግሞ በገዛ ጣቱ አልተከለከልኩም እንዲል፣ ያውም ልትፈታ ነው ተብሎ።

ተራዬ ደረሰ። ወረቀቱን አነሳሁና፣ አፌ በሚፈቅድልኝ መጠን፣ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው። አባባ ከኋላዬ ሆነው ሐረግ በሐረግ ወደ ካፊኖኖ መለሱት።

ኢንስፔክተሩ «አንብብ አልተባልክም» አለኝ፣ በዚያው ዝቅተኛ ድምፁ። «ፈርም ነው የተባልከው።»

«ሳላነብ የምፈርመው ነገር የለም።»

ብዕሩን አነሳሁ። የፊርማውን ቦታ አልነካሁትም። አስተያየት በሚለው ዓምድ ውስጥ፣ ቦታው ጠባብ ስለነበር ፊደሉን አሳንሼ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ሕክምና ጠይቄ ተከልክያለሁ። የሪፈር ወረቀቴ በኢንስፔክተሩ ጠረጴዛ መስተዋት ሥር ይገኛል። ጥርሴ ሊድን ይችላል።» ለተማሪዎች ውጤት እንደምሞላ በንጹሕ ጽሕፈት ነው የጻፍኩት። ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አጋድሜ ከጠረጴዛው ራቅ አልኩ።

ቀጥለው አባባ ነበሩ። ፖሊሱ ቀለሙን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገ። እሳቸው ቀኝ እጃቸውን አዩና ቀስ ብለው ጨበጡት፤ አውራ ጣታቸውን ውስጥ አድርገው።

«ይሄ ጣት የእኔ ነው» አሉ። «ያላየሁትን አይናገርም።»

ከእሳቸው በኋላ የነበሩት አንዳንዶቹ አሻራቸውን ሰጡ፤ አንዳንዶቹ አልሰጡም። በሰጡት ላይ አልፈርድም። ልጆች ያሏቸው፣ እርሻቸው ያልታረሰ ሰዎች ናቸው። ኢንስፔክተሩ የሆነውን ሁሉ በትዕግሥት ተመልክቶ ቅጹን አጥፎ ገባ። ያን ቀን ጅማ የሄደ መኪና የለም።

አርብ ጠዋት አዲስ ቅጽ ታትሞ መጣ። በጥበቃው እጅ ላይ አየሁት። አስተያየት የሚለው ዓምድ የለም። የእኔና የአባባ ስምም የለም። ሃያ ሦስት የነበረው ሃያ አንድ ሆኗል፣ ሃያ አንዱም ላይ ምልክት አለ፤ እንዴት እንደሞላ አልጠየቅኩም። በዚያ ወረቀት ላይ እኔና እሳቸው አልታሰርንም፤ አልታመምንም፤ አልተወለድንም ማለት ይቻላል። ጎብኚዎቹ ከመግባታቸው በፊት ሁለታችንን ከመጋዘኑ ጀርባ ባለ የጆንያ ክፍል ውስጥ አስገብተው ቆለፉብን። በግድግዳው ስንጥቅ የመኪና በር ሲዘጋ፣ ሰዎች ሲሳሳቁ ይሰማል። አንድ ሰው «ቅሬታ ያለው አለ?» ሲል ሰማሁ። መልሱን ዝናብ ዋጠው።

አባባ ባዶ ጆንያ አንጥፈው ተቀመጡ። «መምህር፣ ዛሬ አንተና እኔ ነፃ ነን» አሉኝ። «ወረቀቱ ላይ የለንም።» ሳቅኩ። መሳቁ በጣም አመመኝ፣ ግን ሳቅኩ።

ጥርሱ በአምስተኛው ወር ተሰነጠቀ። ለስላሳ ዳቦ እየበላሁ ነበር። እንደ ክብሪት እንጨት ቀጭ ሲል ሰማሁት። ከዚያ ሕመሙ መጥቶ ሄደ፣ መጥቶ ሄደ፤ ለመድሁት ማለት አልችልም። በሰባተኛው ወር አንድ ከሰዓት በኋላ ስሜ ተጠርቶ ቀበቶዬን፣ የጫማዬን ክርና ሰዓቴን መለሱልኝ። «ፋይልህ ተዘግቷል» አለኝ መዝገብ ያዡ። ክስ አልቀረበብኝም፤ ፍርድ ቤት አልቆምኩም፤ ስለዚህ ነፃ ነህ የሚለኝም አልነበረም። ኢንስፔክተሩ በዚያ ቀን ግቢው ውስጥ አልነበረም።

በማግስቱ ጅማ ሄድኩ። ሐኪሙ አፌን ከፍቶ አየና መሣሪያውን አስቀመጠ። «አትቅር ብዬህ አልነበረም?» አለኝ። የት እንደነበርኩ ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ። ይቅርታ ጠየቀኝ፤ እሱ ምንም ያጠፋው የለም። ስንጥቁ ሥሩን ለሁለት ከፍሎታል፤ አጥንቱም ተበልቷል። በአራት ቁራጭ አወጣው። እያንዳንዱን ቁራጭ ሳህኑ ላይ ሲጥለው የሚያሰማውን ድምፅ እየቆጠርኩ ነበር።

አባባ ከእኔ ሁለት ወር ዘግይተው ወጡ። ቀፎዎቻቸው ከነዛፎቻቸው ወድቀው ነው ያገኙት። ከወንዙ ማዶ በሌላ ዘመዳቸው ጫካ እንደገና ጀመሩ። እስኪሞቱ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ስንገናኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ምግቤ ነበር፤ «በደንብ ትበላለህ?» ይሉኛል።

የጥርስ ባለሙያዋ በዓመቱ ተዛውራ ሄደች። የት እንዳለች አላውቅም። ምን እንደምፈልግ እንደጠየቀችኝ የሚያስታውስ ሰው መኖሩን ብታውቅ ደስ ይለኛል።

ከወጣሁ ጀምሮ መታሰሬን የሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ደብድበውህ ነበር?» ይለኛል። አልደበደቡኝም። ማንም እጁን አላነሳብኝም፤ ማንም አልሰደበኝም፤ ኢንስፔክተሩ እስከ መጨረሻው መምህር እያለ ነው የጠራኝ። አልደበደቡኝም ስል የጠያቂው ፊት ይፈታል። «ተመስገን፣ ዋናው እሱ ነው» ይላል። ለብዙ ዓመታት እኔም ተመስገን እያልኩ ወሬ እለውጥ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ይህ ተመስገን ያናድደኝ ጀመር። የሚፈለገው አንድ ቀን ነበር። አንድ መኪና፣ ሁለት ፖሊስ፣ አንድ ቀን። ያንን የከለከለኝ ሰው ሲከለክለኝ አልተቆጣም ነበር፤ ቢሮው ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ የሐኪም ወረቀት ከመስተዋት ሥር አስገብቶ፣ ሻዩን እየጠጣ ነው ያደረገው።

ስለዚህ አሁን ሲጠይቁኝ ሌላ መልስ እሰጣለሁ። «አልደበደቡኝም» እላለሁ፤ «ታምሜ እንዳልታከም አደረጉኝ።» በመካከላችን ዝምታ ይመጣል። ድሮ ያ ዝምታ ሲመጣ ሰውየው እንዳይጨነቅ ብዬ ቶሎ ቀልድ እፈልግ ነበር። አሁን አልፈልግም። እስኪበቃው ድረስ እተወዋለሁ።